በገና፥ ስም

ከደሴ ስነሳ ቅጽ ነበር የያዝኩት፣
«ቃል» «ምንጭ» «ትርጉም» ብዬ በማስመሪያ ያሰመርኩት፤
የትርጉሙ ዓምድ ከአውራ ጣት ጠበበ፣
«ይበቃል» አለቃዬ፣ ቆሞ እያነበበ።

ኩታበር ስደርስ ጉም ለብሷል ገበያው፣
በግ ይጮኻል እንጂ በግ የለም የሚታየው።
መሪጌታ ልሳነወርቅ ጥላቸውን አጥፈው፣
«በገነ» አሉኝ፣ «ግእዝ ነው፤
ደረደረ፣ መታ፤ በል ይህንን ጻፈው።»
ጻፍኩት። ዓምዱ ሞላ። ሥራዬም አለቀ፣
የደሴው መኪና ግን ሰው አጥቶ ደረቀ።

ስለዚህ ወረድኩኝ ከአያ ልንገረው ደጅ፣
ዋንዛ ከሚጠርበው፣
መላጊያው ከእጁ ጋር አብሮት ከሚያረጅ።

«ክራር ብትለኝ ክር አለው፣ ይከራል እንደ ነገር፤
መሰንቆም ለአዝማሪው ስንቅ ነው፣ ሲሻገር ከአገር አገር፤
በገና ግን…» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፣
ዋንዛውን አንኳክቶ ከውስጡ ቃል ፈለገ።
ስለ ቃሉ ስለው ስለ እንጨቱ መለሰ፣
አንዱን ካንዱ እያለ፣ እየደባበሰ፦

«ይኸ ገበቴው ነው፤ ፊተኛው ግን ቀረ፣
ትሁኔ ሊጥ አቡክታበት፣ በዚያው ገበቴ ሆኖ ኖረ።
ይኸ ቀንበሩ ነው።» አለና፣ ዝም አለ።
ሳለ። ደግሞ ሳለ።
«ቀንበር ነው» ደገመው፣ «በሬ የነበረበት፣
ሰባ ሰባት ላይ ነው አንገት የጠፋበት።
ዳለቻን ሸጥኩት በአንድ ቁና ሽንብራ፣
ድግሩ ተማገደ፣ ሞፈሩም በየተራ፤
ቀንበሩን ግን፣ እንጃ፣ ለእሳት አልሰጠሁትም፤
አሳጥሬ ጠረብኩት፣ አስር ቦታ በሳሁት፣
ስሙን ግን አልነካሁትም።»

«መሪጌታ እኮ ‹ደረደረ› ነው ያሉት» ብለው፣
«እኔም ደርድሬያለሁ» አለኝ፣ ቀና ሳይል፣
«ከሙሄ እንድሪስ ጋር፣ እሱ በራስ እኔ በእግር ስንል፣
ከዚያ፣ ከዋርካው ስር፣
እስላም ነው ክርስቲያን ነው ሳንል።»
ከዚህ ወዲያ ፊቱን ወደ ሥራው መለሰ፣
ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ከእግሬ ላይ ፈሰሰ።

«ይበግናል!» አለች ትሁኔ ከጓዳ፣
«ሌላ ፍቺ የለው፤ ዝም ብለህ አትጎዳ።
ሰው አንጀቱ ሲያርር፣ አፉ ቃል ሲያጣ፣
በጣቱ ይበግናል፣ ጭሱ እንዲወጣ።»

«አንጀት አልሽ?» አለና ልንገረው ሳቀ፣
አንዱን አውታር ይዞ እየሳበ አጠበቀ፤
«ይኸም አንጀት እኮ ነው! ሙሄ ነው የሚሰጠኝ፣
አረፋ ባረደ ቁጥር አጥቦ የሚያመጣልኝ፤
ሁዳዴ ሲገባ በእሱ በግ ነው አምላኬን የምለምን፣
እሱም ከአጥር ማዶ፣ በውድቅት፣ ‹አሚን› ይለኛል፣ ‹አሚን›።»

ከአጥሩ ላይ ነፊሳ፣ የሙሄ የልጅ ልጅ፣
ሁለት ጥርሷ ወልቆ፣ ፊደል ከቆጠረች ወር ያልሞላት ልጅ፣
«ወላሂ አውቃለሁ!» አለች፣ ቃሉን ከሁለት ቆርጣ፦
«በግ፥ ና! ነው።
ሲጠሩት ነው፣ በጉ ከጉሙ እንዲወጣ።»

ሳቅን። ሳቃችን ግን መሐል ላይ ቆመ፤
ልንገረው ጣቱን ጣለ፣ እንዚራው አጉረመረመ፣
ንብ የገባ መሰለኝ ከጎድኔ ውስጥ፤
ምን ልጠይቅ ነበር? ጠፋኝ፣
እስክሪብቶዬን ብቻ ስጨብጥ።

ሲመሽ ተነሳሁኝ። ቁራጭ አውታር ሰጠኝ፣
«ለቅጽህ ማሰሪያ ትሁን» ብሎ ሸኘኝ።
ሦስተኛው ዓምድ ላይ ጨምሬ ሰረዝኩት፣
የመሪጌታን ብቻ እንደ ነበር ተውኩት፤
አለቃዬም «ጎበዝ» ብሎ ፈረመበት።

ያልጻፍኩት ይኸ ነው፦ ኩታበር መናኸሪያ፣
መኪና ስጠብቅ፣ ከመብራቱ ወዲያ፣
አንድ ከሲታ ውሻ ኪሴን አሽትቶ አሽትቶ፣
ከእግሬ አልለይ አለ ጭራውን ቆልቶ፤
እኔ በሊቅ በደቂቅ ስርወ ቃል ስፈልግ፣
እሱ በአፍንጫው ደረሰ፣
በቀጥታ፣ ከበግ።